የእንግዴ ልጁ ላይ ያረፈው ጥላሸት

ይህ ጽሑፍ በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ወረቀት ስመልሰው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ ከታዳሚው የተነሡትን ጥያቄዎች ግን በተነሡበት ቦታ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ። ከፒያሳ ወይም ከስድስት ኪሎ በእግራችሁ የመጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡልኝ። ጥሩ። ከእናንተ መካከል ዛሬ ጠዋት አፍንጫውን ጠርጎ መሐረቡ ላይ ጥቁር ነገር ያየ አለ? ሳቃችሁ። እኔም አየዋለሁ። ያን ጥቁር ነገር አመስግኑት፤ አፍንጫችሁ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት አፍንጫ ሳይዘው ስላለፈው ለመናገር ነው።

ከናፍጣ፣ ከማገዶና ከከሰል የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም። አንዲት የራስ ፀጉር 70 ማይክሮሜትር ገደማ ናት ብንል፣ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ብናኞች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ነው የእሷን ውፍረት የሚያክሉት። እንዲህ ያለውን ነገር የአፍንጫ ፀጉር አያስቀረውም፤ ሳልም አይመልሰውም። ሳንባ ውስጥ አየርና ደም የሚገናኙበት ስስ ግድግዳ ድረስ ይወርዳል። እጅግ ደቃቆቹ ደግሞ ግድግዳውን አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ።

ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ሰው የበለጠ አየር ትስባለች። በየደቂቃው የምትተነፍሰው አየር ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ባሎች ይህን ስሙ፦ ሁለተኛ ፎቅ ሳትደርስ ቁና ቁና የምትተነፍሰው ሰንፋ አይደለም፤ ሰውነቷ ለሁለት እየሠራ ነው። ታዲያ አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ከሰል ቢነድ፣ ከጭሱ ትልቁን ድርሻ የምትወስደው እሷ ናት።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ለክትትል የምትመጣን እናት ደም ፈሶሽ ያውቃል ወይ፣ ራስሽን ያምሻል ወይ፣ ዓይንሽ ይጋረዳል ወይ፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ እንክብልሽን ትውጫለሽ ወይ እያልኩ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። በምን ታበስያለሽ? የት ትውያለሽ? ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ራስ ምታት አስቸግሯት መጣች። የደም ግፊቷን ለካሁ፤ ደህና ነው። ሽንቷ ተመረመረ፤ ፕሮቲን የለውም። የምንፈራው በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው የደም ግፊት ስላልሆነ እፎይ አልኩና «ዕረፍት አድርጊ፣ ውሃ ጠጪ» ብዬ ሸኘኋት። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ለጉዳይ ካዛንቺስ አካባቢ ወደ አንድ ሕንፃ ገባሁ። ደረጃው ሥር ጀበና ቡና ይሸጣል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሁለት ምድጃ ከሰል ይነዳል፤ በአንዱ ቡናው ይቆላል፣ በሌላው ጀበናው ተጥዷል። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷ ረከቦቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ በካርቶን ቁራጭ ከሰሉን የምታራግበው ያቺው ሴት ናት። ገና ስታየኝ ተነሣችና «ሲስተር፣ ነይ ተቀመጪ፣ አቦል ደርሷል» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ያ ቦታ መስኮት የለውም፤ አየር የሚገባው በዋናው በር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ ሰረሰሬን ይነዝረኝ ጀመር። እኔ ግማሽ ሰዓት ነው የተቀመጥኩት። እሷ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚያ ናት።

ከሰል የምንወደው ጭስ የለውም ብለን ነው። እውነትም ከፋመ በኋላ ጭሱ አይታይም፤ ዓይንም አያስለቅስም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በየክረምቱ ከሰል ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎች በጠዋት ሞተው የሚገኙት በእሱ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህ ተሸካሚ ጋር ለመጣበቅ ያለው ጉልበት የኦክስጅንን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ወንበሩን አስቀድሞ ይዞ ኦክስጅንን ቆሞ ያስቀረዋል። የፅንስ ሄሞግሎቢን ደግሞ ከእናቱ ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ለማራገፍም ይዘገያል። እናትየው ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ንፋስ ነክቷት ራስ ምታቷ ይለቃታል። የልጁ ደም ግን ገና የቀኑን ዕዳ እየከፈለ ነው። የደረጃው ሥር ራስ ምታት ትርጉሙ ይህ ነበር፤ እኔ ግን ውሃ ጠጪ ብዬ ሸኘኋት።

ወደ ብናኙ ልመለስ። የእንግዴ ልጅ ፅንሱን የሚጠብቅ አጥር ነው ብለን ተምረናል። ለብዙ ነገር አጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የቤልጂየም ተመራማሪዎች ሲጋራ የማያጨሱ እናቶችን የእንግዴ ልጅ በልዩ ማይክሮስኮፕ አይተው ጥላሸት አገኙበት። ያገኙትም በእናቲቱ በኩል ብቻ አይደለም፤ ወደ ፅንሱ በሚዞረው ገጽ ላይም ነው። በእርግዝናቸው ወራት የተበከለ አየር ይበልጥ ያገኛቸው እናቶች ላይ የተገኘው፣ ያን ያህል ካላገኛቸው ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። በ2022 ደግሞ ከስኮትላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ባለ ፅንስ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥ ይህንኑ ጥላሸት አገኙ። አንድም ትንፋሽ ያልተነፈሰ ልጅ ሳንባ ውስጥ ጥላሸት።

ይህን ስነግራችሁ ፊታችሁ እንደተለዋወጠ አያለሁ። ተረጋጉ፤ ጥላሸት መገኘቱና ልጅ መታመሙ አንድ አይደሉም። የበለጠ የምናውቀው መንገድ ሌላ ነው። ብናኙ ሳንባ ላይ ሲያርፍ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይቆጣል፤ ቁጣው በደም አማካይነት ወደ መላ አካል ይዳረሳል። የደም ሥሮች ልስላሴያቸውን ያጣሉ፣ ይጠባሉ። መውለጃው በተቃረበ ጊዜ በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ ማሕፀን መፍሰስ አለበት፤ የደም ሥሩ ከጠበበ የልጁ ምግብም ኦክስጅንም ይቀንሳል። በእናቲቱ በኩል ይህ እንደ ደም ግፊት፣ አንዳንዴም እንደ እርግዝና ስኳር ሆኖ ይታያል። በልጁ በኩል ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ መወለድ ነው፤ ወይም 37 ሳምንት ሳይሞላ መምጣት፤ አንዳንዴም ሳይተነፍስ መወለድ።

እዚህ ላይ ከፊት ወንበር አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እኛ እኮ በጭስ ውስጥ ነው የወለድነው። ማገዶ ከእንጦጦ ተሸክመን እያወረድን፣ እንጀራ እየጋገርን፣ ሰባት ወልጃለሁ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። የማጨብጨቡ ምክንያት ገብቶኛል፤ ይህች ነርስ እናቶቻችንን ልትወቅስ ነው እንዴ ተብሎ ነው። አልወቅስም። «እማማ፣ ስንቱ አደጉልዎት?» አልኳቸው። «አምስቱ» አሉ፣ ወዲያውኑ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። ሁለቱ በምን እንደሞቱ ማንም አያውቅም፤ በጭስ ነው ልላቸው አልችልም፤ አላልኩምም። የዚህ ጉዳይ ክፋቱም ይህ ነው። አየር መበከል እንደ እባብ አይነድፍም፤ ይህ ልጅ በዚህ ሞተ ተብሎ አይጻፍበትም። ከብዙ ሺህ ልደቶች ላይ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ በተወለዱ በመጀመሪያ ወራቸው ከሞቱት ሕፃናት መካከል ወደ 476,000 የሚሆኑት ሞት ከአየር ብክለት ጋር የተያያዘ እንደነበረ ተገምቷል፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር። ከአልጋቸው አጠገብ ብትቆሙ በአንዱም ላይ ጭሱን አታዩትም።

ታዲያ ካልታየ በምን ታወቀ ትሉኛላችሁ። አየሩ በድንገት የጸዳባቸው አጋጣሚዎች ነገሩን አጋለጡት። ቤጂንግ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦሊምፒክ ስታስተናግድ የቻይና መንግሥት ፋብሪካ ዘጋ፣ መኪና በየተራ እንዲንቀሳቀስ አደረገ፤ አየሩ ለጥቂት ሳምንታት ጠራ። ተመራማሪዎች ከ83,000 በላይ ልደቶችን መረመሩ። ስምንተኛ ወራቸው በኦሊምፒኩ ላይ የዋለላቸው ሕፃናት ከአንድ ዓመት በፊትና በኋላ በዚያው ወቅት ከተወለዱት በአማካይ 23 ግራም ይከብዱ ነበር። 23 ግራም ምንድን ነው? ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር አይሞላም። ግን ይህ ከእያንዳንዱ ልጅ ላይ የተወሰደ አማካይ ነው፤ ዳር ላይ የነበረውን ልጅ ከ2,500 በታች የሚጥለው ይህ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው ግን ሌላው ነው። በአሜሪካ ኒው ጀርሲና ፔንስልቬንያ መኪኖች የመንገድ ክፍያ ለመክፈል ተሰልፈው ሞተራቸውን እያንጎራጎሩ ይቆሙ ነበር። ክፍያው መኪናው ሳይቆም በመሣሪያ እንዲሆን ሲደረግ ሰልፉ ቀረ። ከክፍያ ጣቢያዎቹ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ በሚኖሩ እናቶች ዘንድ ያለጊዜ መወለድ 11 በመቶ ገደማ፣ ዝቅተኛ ክብደት 12 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እናቶቹ ምንም አላደረጉም፤ መኪና መቆሙ ብቻ ነው የቀረው። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ወይም ለገሃር ተሰልፋችሁ ታክሲ የጠበቃችሁ ነገሩ ይገባችኋል።

የእኛ ከተማ አየር ተለክቷል። ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት በጥቁር አንበሳ የሕክምና ግቢ፣ ማለትም እዚሁ መሐል ከተማ፣ በየስድስት ቀኑ ናሙና ሲወሰድ ቆይቶ የደቃቅ ብናኙ አማካይ በሜትር ኩብ 42 ማይክሮግራም ገደማ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የዓመት ጣሪያ 5 ነው። ከስምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ምንጩ ሲፈተሽ ትልቁ ድርሻ፣ 28 በመቶ ገደማ፣ የተሽከርካሪ ሆኖ ተገኘ፤ ማገዶና ከሰል 18 በመቶ፣ የአፈር አቧራ 17 በመቶ ያህል።

ከተማችን ደግሞ ከፍታ ላይ ናት፤ ከ2,300 ሜትር በላይ። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህ ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ሳይሆን ለሞተርም ነው። ያረጀ ሞተር ኦክስጅን ሲያንሰው ነዳጁን አሟጦ አያቃጥልም፤ ያልነደደውን በጭስ ማውጫው ይተፋዋል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ማርሽ ሲቀይር ከኋላው የሚለቀውን ጥቁር ነገር ተመልከቱ። መኪናውም ተሳፋሪዋም በአንድ እጦት ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ደግ አደረጉ። ዳገቱን የሚወጣው አሮጌው ሚኒባስ ግን አሁንም አለ።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ሌሊት መሬት ሲቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል፤ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይቀመጥበታል። የንጋት ምድጃውና የጠዋት መኪናው ጭስ ከክዳኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ፀሐይ ወጥታ ካሞቀችው በኋላ ነው የሚከፈተው። በዚያ በተከደነ ሰዓት አስፋልት ላይ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ? መንገድ የሚጠርጉ ሴቶች። አንዲቱን አውቃታለሁ፤ ስድስት ወሯ ነበር፤ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ዙሪያ አጥብቃ አስራ ትጠርጋለች። ነጠላ አቧራ ይቀንሳል፤ ደቃቁን ብናኝ ግን አያቆምም። ተራው የሕክምና ጭምብልም ፊት ላይ ስለማይገጥም ብዙም አይረዳም። ፊት ላይ ተጣብቆ የሚገጥመው ኤን 95 የተባለው ነው የሚያጣራው፤ ግን እሱን አድርጎ መጥረጊያ ይዞ መሥራት ለነፍሰ ጡር ትንፋሽ ያሳጥራል። የእኔ ምክር ለእሷ አይደለም፤ ለአለቃዋ ነው፦ ያረገዘችውን ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ባለው ፈረቃ መድብ፤ ከማስጠረግህ በፊት መንገዱን ውሃ እርጨው።

ክረምት አየሩን ያጥባል የሚል እምነት አለ። ዝናቡ አቧራውን እውነትም ያወርደዋል፤ ግን በሐምሌና በነሐሴ ብርዱ ይጠናል፣ ከሰል ቤት ይገባል፣ ልብስ በምድጃ ዙሪያ ይደርቃል። በመዲናችን ደቃቁ ብናኝ ከፍ ብሎ የሚመዘገበውም በክረምት ነው።

ጭስን በክፉ ብቻ አናየውም እኛ። ኅዳር 12 ሲመጣ «ኅዳር ሲታጠን» ብለን ቆሻሻ እንሰበስብና እናቃጥላለን፤ በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሰው የጨረሰውን የኅዳር በሽታ ለማባረር የተጀመረ ነው ይባላል። የመጥረጉ ክፍል ድንቅ ነው፤ ማቃጠሉ ግን ዛሬ ፕላስቲክ ማቃጠል ሆኗል። በዚያ ዕለት ማታ ነፍሰ ጡር ቤቷ ትግባ፣ መስኮቷን ትዝጋ። በዓመት አንዴ ዝጊ የምለው እሱን ቀን ነው።

ምክንያቱም በሌላው ጊዜ ክፈቺ ነው የምለው፤ በተለይ አራስ ቤት። አራስ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፦ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጠያቂው በር እየዘጋ ይገባል። የዘጠኝ ቀን ሕፃን መሐል ላይ ተኝቷል። ቡናው አይቅር፤ እኔም ቢሆን አልቀርበትም። ምድጃው ግን ደጅ ይሁን፤ ጀበናው ብቻ ይግባ። ከሳምንት በፊት አንዲት አያት ይህን ስላቸው «ታዲያ ሽታው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሽታው እውነትም ግማሽ ቡና ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር፤ ምድጃ የሚሸጡ ሰዎች ስለማይነግሯችሁ። በጓቲማላ፣ በህንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡር እናቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ቡታጋዝ ከነሲሊንደሩ በነፃ ተሰጣቸው፣ የቀሩት በማገዶ ቀጠሉ። ቡታጋዝ ያገኙት የሚተነፍሱት ብናኝ ወደ ሲሶ ወረደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም የልጆቻቸው ክብደት ልዩነት 20 ግራም ገደማ ብቻ ሆነ፤ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው ተባለ። ብዙ ባለሙያ ደንግጧል። እኔ እንዲህ ነው የማየው፦ እናቶቹ ለጥናቱ የተመዘገቡት ከዘጠነኛው እስከ ሃያኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ቡታጋዙም የተሰጣቸው ከተመዘገቡ በኋላ ነው፤ የእንግዴ ልጁ መሠረት የሚጣለው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ምድጃ የሚለወጠው ማርገዟ ከታወቀ በኋላ ሳይሆን ሠርጉ ሲታሰብ ነው እላለሁ። ለሙሽሮች ስጦታ የምትገዙ፣ ሠላሳኛውን የብርጭቆ ስብስብ ትታችሁ ተዋጡና የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዙ።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለ አንድ ወጣት ከኋላ። ትክክል። መብራት ሲጠፋ ከሰል ይያያዛል፤ እኔም ቤት እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ የሚያቀጣጥለው አንተ ነህ፤ እሷ አይደለችም። ከሰል ገና ሲያያዝ ያለው ጊዜ ክፉው ነውና ደጅ አያይዘው። ከፋመ በኋላም ቢሆን መስኮት ሳይከፈት አይግባ። እንጀራ መጋገሩንም ቢሆን ጎረቤት፣ እህት፣ ወይም ገበያ ይተካት። በእግር መሄድ አትተው፤ እግር ጉዞ ለነፍሰ ጡር ጥሩ ነው፤ ግን ከዋናው አስፋልት አንድ መንገድ ገባ ብላ በውስጥ ለውስጥ ትሂድ፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ባለቤቱ ታክሲ ውስጥ የት ትቀመጥ ብሎም ጠይቆኛል፤ የትም ትቀመጥ፣ ከፊት ያለው መኪና ሲያጨስ መስኮቱን ትዝጋ አልኩት።

ስለ ቡና ሻጯ ትጠይቁኛላችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ምድጃዋን ወደ በሩ እንድታስጠጋ መከርኳት፤ የሕንፃው ኃላፊ የመግቢያውን ውበት ያበላሻል ብሎ ከለከላት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛች፤ ሶኬት አልፈቅድም አላት። በመጨረሻ እህቷ ከሰሉን በጓሮ እያፋመችላት፣ እሷ በሩ አጠገብ እየቀዳች እስክትወልድ ሠራች። ልጇ 2,700 ግራም ሆኖ ተወለደ። ከምድጃው ጋር አላያይዘውም፤ አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም።

ለእኔ የቀረልኝ ልማድ ግን አለ። አሁን ለክትትል የምትመጣውን ሁሉ በምን እንደምታበስልና የት እንደምትውል እጠይቃታለሁ። ካርዷ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ ስላጣሁ ጥግ ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። በቀደም አዲሷ ተረኛ አንድ ካርድ ይዛ መጣች። ጥጉ ላይ «ከሰል፣ ደረጃ ሥር፣ ቀን ሙሉ» ይላል። «ሲስተር፣ ይህ አድራሻዋ ነው?» አለችኝ።